ለድዋርፍ ፎርትረስ የጌጥ ታይል ስሠራ፦ የሥራ ሂደት ማስታወሻ

ሰኞ ማታ

ለድዋርፍ ፎርትረስ ክላሲክ አዲስ የታይል ስብስብ ጀመርኩ። ታይል ማለት ስክሪኑ ላይ አንድ ምልክት የሚይዝ ትንሽ የሳጥን ሥዕል ነው። የምፈልገው ግልጽ ነው። ድንኮቹ ድንጋይ ፈልፍለው ያወጡት አዳራሽ የተለፋበት ይምሰል። ግድግዳው ጥለት ይኑረው። ወለሉ በሥርዓት የተነጠፈ ይሁን። ምሰሶው ከሩቅ ምሰሶ መሆኑ ይታወቅ። ጌሙ ግን እንደ ድሮው በፊደልና በምልክት የሚታይ ሆኖ ይቀጥል። እያንዳንዱን ነገር በሥዕል መተካት ሐሳቤ አይደለም።

ጌሙን ለማያውቅ ሰው ባጭሩ፦ ታርን እና ዛክ አዳምስ የተባሉ ወንድማማቾች የሠሩት የግንባታ ጨዋታ ነው። ለሕዝብ የወጣው እ.ኤ.አ. በ2006 ነው። ድንኮች ተራራ ውስጥ ምሽግ ይቆፍራሉ፣ ያርሳሉ፣ ይጠርባሉ፣ ይዋጋሉ። ይህ ሁሉ ስክሪኑ ላይ የሚታየው በምልክት ነው። እ.ኤ.አ. በ2012 የኒውዮርኩ የዘመናዊ ጥበብ ሙዚየም ለስብስቡ መጀመሪያ ከመረጣቸው 14 የቪዲዮ ጌሞች አንዱ ሆኗል። እ.ኤ.አ. በ2022 መጨረሻ ደግሞ ሙሉ ሥዕል ያለው እትም ስቲም በሚባለው የጌም መደብር ላይ ወጣ። ለዚያ እትም ከሳሉት መካከል ቀደም ሲል ለክላሲኩ ታይል ይሠሩ የነበሩ ተጫዋቾች አሉበት። እኔ የምሠራው ለ0.47.05 እትም ነው፤ በምልክት ብቻ ለሚሄደው።

የሥራው ፋይል አንድ የፒኤንጂ ምስል ነው። 16 ረድፍ፣ 16 ዓምድ፣ በድምሩ 256 ሳጥን። ቅደም ተከተሉ የኮድ ፔጅ 437 ነው፤ አይቢኤም እ.ኤ.አ. በ1981 ከመጀመሪያው ፒሲ ጋር ያወጣው የምልክት ሰንጠረዥ። አንድ ምልክት የት እንዳለ ለማወቅ ቁጥሩን ለ16 ማካፈል ይበቃል። ድርሻው ረድፉን፣ ቀሪው ዓምዱን ይሰጣል። ሁለቱም ከዜሮ ይጀምራሉ። ለምሳሌ ╬ ቁጥሩ 206 ስለሆነ 12ኛው ረድፍ፣ 14ኛው ዓምድ ላይ ቁጭ ብሏል።

መጠኑን 16 በ16 ፒክሰል አድርጌያለሁ። ጌሙ ይዟቸው ከሚመጣው መካከል 8 በ12 የሆነ አለ፤ 80 ዓምድና 25 ረድፍ ሲደረደር 640 በ300 የሚሞላው። ለማንበብ ምቹ ነው። ለጌጥ ግን አይሆንም። አራት ማዕዘኑ እኩል የሆነ ክፍል ቀጥ ብሎ የረዘመ ይመስላል፣ ክቡም እንቁላል ይሆናል። ጥለት እንዲዞርና እንዲገጥም ከተፈለገ ሳጥኑ እኩል ጎን ሊኖረው ግድ ነው።

ማክሰኞ

ዛሬ አንድም ፒክሰል አልሳልኩም። ማን ምን ምልክት እንደሚጠቀም ስዘረዝር አመሸሁ። ይህ ሥራ አሰልቺ ይመስላል እንጂ የስብስቡ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ላይ ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በዚህ ጌም አንድ ምልክት አንድ ነገር ብቻ አይደለም። የመደመር ምልክት፣ 43ኛው፣ የተስተካከለ የድንጋይ ወለል ነው። ያው ምልክት ጽሑፍ ውስጥ የጥራት ማሳያ ነው፤ ጥሩ ሆኖ የተሠራ አልጋ ስሙ በሁለት የመደመር ምልክት መካከል ይጻፋል። ሜኑ ውስጥም ወደ ላይና ወደ ታች የሚወስዱ ቁልፎች መካከል አለበት። ስለዚህ 43ኛውን ሳጥን በሚያምር የወለል ጥለት ብሞላው፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ስም ግራና ቀኝ ላይ ቁራጭ ወለል ይለጠፍበታል።

ሌሎቹም እንደዚያው ናቸው። ያልተስተካከለ ወለል በነጥብ፣ በነጠላ ሰረዝና በሁለት ዓይነት ጭረት ነው የሚታየው። እነዚህ የጽሑፉ ሥርዓተ ነጥቦች ናቸው። ብቻውን የቆመ ግድግዳ ምሰሶ ሲሆን የላቲኗን ትልቋን ኦ ይወስዳል። ለስላሳ ግድግዳ በድርብ መስመር ይሳላል፤ የማዕድን ጋሪ ሐዲድም በድርብ መስመር ይሳላል። ከ128 ጀምሮ ያሉት ባለ ጭረትና ባለ ነጥብ አናባቢዎች ደግሞ ትርፍ ይመስላሉ። ግን የድንኮቹ ቋንቋ በነሱ የተሞላ ነው፤ የሰውም የቦታም ስም ውስጥ ይገባሉ። እነሱን መንካት የለም።

የእንስሳቱ ፊደላትም አሉ። ውሻ ዲ ነው፣ ድመት ሲ ነው፣ ጎብሊን ጂ ነው። ጂ ስትታይ ተጫዋቹ በር ለመዝጋት የሚሮጥበት ጌም ነው። ስለዚህ ፊደላቱ ሁሉ ያለ ምንም ጌጥ፣ ጥርት ብለው ይቀራሉ። ፊደል ላይ ቅጠልና ጥምዝ የሚጨምሩ ስብስቦች አይቻለሁ። በእኔ እምነት እነሱ ለፎቶ ያምራሉ እንጂ ለመጫወት አይመቹም።

ዝርዝሩን ስጨርስ ሦስት ቡድን ወጣልኝ። ለጽሑፍ ብቻ የሚያገለግሉ፤ አይነኩም። ለካርታ ብቻ የሚያገለግሉ፤ እንደልብ ይጌጣሉ። ሁለቱንም የሚያገለግሉ፤ እዚህ ጋ ነው ዋናው ሥራ። የሚገርመው አዳራሽን አዳራሽ የሚያደርጉት ነገሮች፣ ወለልና ምሰሶ፣ ሦስተኛው ቡድን ውስጥ ናቸው።

ረቡዕ

ቀለም። ታይሉ ላይ ቀለም አይቀባም ማለት ይቻላል። ጌሙ ራሱ ነው የሚቀባው። ታይሉ ላይ ያለውን ፒክሰል ከምልክቱ ቀለም ጋር ያባዛዋል። ነጭ ፒክሰል የምልክቱን ቀለም ሙሉ በሙሉ ይወስዳል። ግማሽ ግራጫ ፒክሰል ግማሹን ይወስዳል። ግልጽ የሆነ ፒክሰል የጀርባውን ቀለም ያሳያል።

በቁጥር ላሳይ። ፈዛዛው ግራጫ ቀለም 192 ነው እንበል። ታይሉ ላይ 128 የሆነ ፒክሰል ቢኖር 192 በ128 ተባዝቶ ለ255 ይካፈላል። ስክሪኑ ላይ 96 ይወጣል። ይህ ትልቅ ስጦታ ነው። ምክንያቱም አንድ ታይል ብቻ ስዬ በሁሉም ድንጋይ ይሠራል። ማይክሮክላይን በሚባለው ሰማያዊ ድንጋይ የተሠራ ግድግዳ ሰማያዊ ጥላ ይኖረዋል፣ ኦርቶክሌዝ የሚባለው ቢጫ ይሆናል። ጥላውን እኔ አልመርጥም፤ ብርሃኑን ብቻ ነው የምመድበው።

ስለዚህ ለራሴ የብርሃን ደረጃ አወጣሁ። ዕቃና ፊደል እስከ 255። የግድግዳ መስመር 200 አካባቢ። በግድግዳው ውስጥ ያለ ጥለት 110። የወለል ዋና ምልክት 160፣ የወለል ጌጥ 80። ወለል ከሁሉም ዝቅ ማለት አለበት፤ ድንኩም ጎብሊኑም የሚሄዱት እሱ ላይ ነው። ወለሉ ጮክ ካለ ሰው ይጠፋበታል።

የምስለው ጊምፕ በሚባለው የሥዕል ፕሮግራም ነው። ፔንስሉን እንጂ ብሩሹን አልጠቀምም። ብሩሽ ጠርዙን ያለሰልሳል፤ የለሰለሰው ጠርዝ ግማሽ ግልጽ ፒክሰል ትቶ ይሄዳል፤ ከዚያ ቀይ ጀርባ ላይ ሲወድቅ ምልክቱ ዙሪያ ቆሻሻ የመሰለ ነገር ይወጣል። በዚህ መጠን እያንዳንዱ ፒክሰል በሐሳብ መቀመጥ አለበት።

ሐሙስ

የመደመር ምልክቷን ወለል ጨረስኳት። በጣም የወደድኳት ታይል ስለሆነች ትንሽ ልዘርዝራት።

ማዕከሉ መደመር ነው። ሁለት ፒክሰል ውፍረት፣ ስምንት ፒክሰል ርዝመት፣ መሃል ለመሃል። ከ4 እስከ 11 ይሄዳል። ጫፎቹ ጠርዙን አይነኩም። ብርሃኑ 160። ይህ ብቻውን ሲነበብ ጥርት ያለ የመደመር ምልክት ነው።

ጌጡ ያለው ማዕዘኖቹ ላይ ነው። በእያንዳንዱ ማዕዘን ሦስት ፒክሰል አስቀመጥኩ፤ አንዱ ማዕዘኑ ላይ፣ አንዱ ከጎኑ፣ አንዱ ከሥሩ። ብርሃናቸው 80። አንድ ታይል ብቻውን ሲሆን እነዚህ ምንም አይደሉም፤ በጨለማ ውስጥ ያሉ ጥቃቅን ነጥቦች ናቸው። አራት ታይሎች ሲገናኙ ግን አራቱ ማዕዘኖች አንድ ላይ ገጥመው 12 ፒክሰል ያላት ድፍን የዕንቁ ቅርጽ (በጫፉ የቆመ አራት ማዕዘን) ይሠራሉ። ክፍሉ ሰፋ ሲል ወለሉ በመደመርና በዕንቁ ተራ በተራ ይሞላል። ጥለቱ የሚወለደው በታይሎቹ መካከል እንጂ በታይሉ ውስጥ አይደለም።

ጽሑፍ ውስጥ ደግሞ አጠገቧ ሌላ መደመር ስለሌለ ዕንቁው አይሠራም። ዕቃ ስም ዳር ላይ ሆና ሳያት መደመር ብቻ ናት። ማዕዘኖቹን ለማየት ዓይንን ማስጠጋት ይጠይቃል። ይህን ነበር የፈለግኩት፤ ብቻዋን ዝም የምትል፣ ስትሰበሰብ የምትናገር።

ከዚህ በኋላ ለሁሉም የጋራ ታይሎች ይህን ዘዴ እከተላለሁ። ምልክቱ መሃል ላይ ይቀመጥ፣ ጌጡ ጠርዝ ላይ ይሁን፣ የጠርዙ ብርሃን ዝቅ ይበል።

ቅዳሜ

ግድግዳ። ሙሉ ቀን የሰጠሁት ለዚህ ነው።

ድርብ መስመር ያላቸው ምልክቶች 11 ናቸው። ሁለት ቀጥታ፣ አራት ማዕዘን፣ አራት ባለ ሦስት እጅ፣ አንድ መስቀለኛ። ጌሙ ግድግዳው ወዴት ወዴት እንደሚቀጥል አይቶ የሚስማማውን ይመርጣል። ስለዚህ 11ዱም እርስ በርስ በየትኛውም አቅጣጫ መግጠም አለባቸው። አንዱ በአንድ ፒክሰል ከተዛነፈ ግድግዳው በሙሉ የተሰበረ ይመስላል።

መግጠም ለነዚህ ምልክቶች የጥንት ጉዳይ ነው። በአይቢኤም የጽሑፍ ስክሪን ላይ የፊደሉ ሥዕል 8 ፒክሰል ስፋት ሆኖ ሳለ ሳጥኑ 9 ነበር። ዘጠነኛው ዓምድ ፊደላት እንዳይጣበቁ ባዶ ይተዋል። ግን መስመሮቹም አብረው እንዳይቋረጡ ከ192 እስከ 223 ላሉት ምልክቶች ብቻ ሃርድዌሩ ስምንተኛውን ዓምድ ዘጠነኛው ላይ ይደግመዋል። ከ179 እስከ 191 ያሉት መስመሮች ወደ ቀኝ የማይዘረጉ ስለሆኑ መደገም አያስፈልጋቸውም። ሰንጠረዡን ሳየው ለምን እንዲህ የተዘበራረቀ ቅደም ተከተል እንዳለው ሁልጊዜ ይገርመኝ ነበር። መልሱ ይህ ነው፤ ወደ ቀኝ የሚዘረጋና የማይዘረጋ ተለይቶ ነው የተደረደረው። የጠርዝ ፒክሰል ያኔም ዋና ነበር፣ አሁንም ዋና ነው።

ወደ ሥዕሉ። ለአግድሙ ግድግዳ ሁለቱ መስመሮች ረድፍ 2 እና 3፣ እንዲሁም ረድፍ 12 እና 13 ላይ ናቸው። ሁለት ሁለት ፒክሰል ያደረግኳቸው ለዙም ነው። ተጫዋቹ ካርታውን ሲያርቅ ታይሉ ይቀንሳል፤ አንድ ፒክሰል የሆነ መስመር አንዴ ይታያል አንዴ ይጠፋል። ከጥንድ ረድፍ የሚጀምር ሁለት ፒክሰል መስመር በግማሽ ሲቀንስ ንጹሕ አንድ ፒክሰል ይሆናል። ለዚህ ነው ከ2 የጀመርኩት፣ ከ3 ያልጀመርኩት።

በሁለቱ መስመሮች መካከል ስምንት ፒክሰል ስፋት ያለው ቦይ አለ። ጥለቱ እዚያ ይሄዳል። የዕንቁ ሰንሰለት መረጥኩ፤ መሃል ላይ አንድ ሙሉ ዕንቁ፣ ከዓምድ 4 እስከ 11። ግራና ቀኝ ጠርዝ ላይ ደግሞ ግማሽ ግማሽ ዕንቁ፣ አራት አራት ዓምድ። ግማሹን ጎረቤቱ ይጨርሰዋል።

ለምን ግማሽ? ሙሉ ዕንቁዎችን ብቻ ብደረድር ማዕዘኑ ላይ ስደርስ ይጣበበኛል፣ ጥለቱም መታጠፊያው ላይ ይቆረጣል። ግማሽ ዕንቁ እያንዳንዱ እጅ ጫፍ ላይ ካለ ግን ማዕዘኑም፣ ባለ ሦስት እጁም፣ መስቀለኛውም አንድ ዓይነት ጫፍ አላቸው። ማን ከማን ጋር ቢገናኝ ዕንቁው ይሞላል። መሃላቸው ላይ እንደፈለግኩ መሥራት እችላለሁ። ማዕዘኖቹ መሃል ላይ ጽጌረዳ የመሰለ ክብ ማሰሪያ አስቀመጥኩ። ባለ ሦስት እጆቹ ላይ ትንሽ ሦስት ማዕዘን።

ግድግዳው በር ላይ ሲያልቅ ግማሹ ዕንቁ ጓደኛ አያገኝም። ሹል ሆኖ ይቀራል። በሩን የያዘ ጥርስ ይመስላል። ያምራል፤ እንዳለ ተውኩት።

ሐዲዶቹን በተመለከተ፣ ዲ ኢኒት በሚባለው የጌሙ ማስተካከያ ፋይል ውስጥ ለእያንዳንዱ የሐዲድ ቅርጽ የሚወስደውን ምልክት መቀየር ይቻላል። ወደ ነጠላ መስመሮች አዛወርኳቸው። መስቀለኛውን ብቻ ነጠላ አላደረግኩትም፤ ┼ የበር ምልክት ነው፣ ጋሪ የሚያልፍበት ሁሉ በር እንዲመስል አልፈልግም።

እሑድ ከሰዓት

ዛሬ ╬ ብቻ። ከሁሉም ከባዱ ይኸው ነው።

ይህ ምልክት ሁለት ሥራ አለው። አንደኛው አራት ግድግዳዎች የሚገናኙበት መስቀለኛ ነው። ሁለተኛው ቀስት የሚወረወርበት ቀዳዳ ያለው የምሽግ ግድግዳ ነው። የመጀመሪያው ብቻውን ይመጣል፤ አራት ጎረቤት አለው። ሁለተኛው በረድፍ ነው የሚመጣው፤ አምስትም ስድስትም ተደርድሮ፣ ከፊትና ከኋላው ባዶ ወለል ሆኖ። አንዱ ድፍን ጥንካሬ ማሳየት አለበት። ሌላው ክፍት መሆኑ መታየት አለበት፤ ተጫዋቹ ቀስተኛውን የት እንደሚያቆም በዓይኑ ማወቅ አለበት።

የወሰንኩት እንዲህ ነው። መሃሉ ላይ ዕንቁው አለ፣ ግን ባዶ። ከ6 እስከ 9 ያለው አራት በአራት ቦታ ግልጽ ነው፤ የጀርባው ጨለማ ይታይበታል። ዙሪያውን ደማቅ ቀለበት ከበበው። አራቱም እጆች መስመራቸው እስከ ጠርዝ ይደርሳል። ጫፎቹ ላይ ያሉት ግማሽ ዕንቁዎች ግን ብርሃናቸው 60 ብቻ ነው።

በረድፍ ሲደረደር ቀዳዳዎቹ እኩል ርቀት ላይ ይሰለፋሉ፤ የድንጋይ መስኮት ይመስላል። ወደ ላይና ወደ ታች የወጡት መስመሮች ጎረቤት ስለሌላቸው እንደ ምሽግ ጥርስ ይታያሉ። ለምሽግ የሚገባ ነገር ነው። መስቀለኛ ላይ ሲሆን ደግሞ አራቱም መስመሮች ከጎረቤት ጋር ይቀጥላሉ፣ የደበዘዘው ግማሽ ዕንቁ ከደመቀው ግማሽ ጋር ይገናኛል፣ ወደ ቀለበቱ ሲቃረብ ጥላ የወረደበት ይመስላል። መሃሉ ላይ ያለው ጨለማ ቀዳዳ ሳይሆን የተገጠመ ጥቁር ድንጋይ ሆኖ ይነበባል። አንድ ሥዕል ነው፤ ሁለት ቦታ ላይ ሁለት ትርጉም የሰጠው በዙሪያው ያለው ነገር ነው።

ሙከራውን የማደርገው በሬክስፔይንት ነው። በምልክት ለመሳል የተሠራ ነፃ ፕሮግራም ነው፤ የራስን የታይል ምስል አስገብቶ በሱ ካርታ መሳል ያስችላል። ጌሙ ታይል በተቀየረ ቁጥር ተዘግቶ መከፈት ይፈልጋል። ስለዚህ አንድ የሙከራ ካርታ ሠርቻለሁ፤ ሁሉም ግድግዳ ከሁሉም ጋር የሚገናኝበት፣ አንድ የምሽግ ረድፍ፣ አንድ አዳራሽ፣ ከጎኑ ሦስት አራት መስመር ጽሑፍ። ታይል በቀየርኩ ቁጥር እሱን ነው የማየው። ጊምፕ ውስጥ ኦፍሴት የሚለው ትእዛዝ ምስሉን በግማሽ አንሸራቶ ጠርዙን መሃል ላይ ያመጣል፤ ለአንድ ታይል ጥሩ ነው። ለ11 ታይል ግን ካርታ ነው የሚያዋጣው።

ሰኞ ማታ

ምሰሶ፣ ሐውልት፣ እና ፀሐይ የምትመስለው ምልክት።

ምሰሶው ቀላል ሆነ። ዲ ኢኒት ውስጥ የምሰሶውን ምልክት የሚወስን መስመር አለ። ከኦ አውጥቼ ጽሑፍ ወደማይጠቀምበት ቁጥር አዛወርኩት። ኦ ፊደል ሆና ዐረፈች። ምሰሶው ከላይ ሲታይ ስምንት ጎን ያለው ሆነ፤ መሃሉ ብሩህ፣ ዳሩ 110። በዙሪያው አንድ ፒክሰል ጥቁር ቀለበት ተውኩለት፤ ወለሉ ላይ ያለው የዕንቁ ጥለት እሱ ጋ ሲደርስ ቆም ይላል፣ ምሰሶውም ከወለሉ ተነሥቶ ይታያል።

ሐውልቱ የግሪኩ ኦሜጋ ነው። ቅርጹ ራሱ ግማሽ ሥራውን ሠርቶታል። ሁለቱ እግሮች መሠረት ይሆናሉ፣ ቅስቱ ደግሞ ሐውልቱ የቆመበት ጎድጓዳ ይሆናል። ጥያቄው ውስጡ ምን ይቁም የሚለው ነበር። ጺም ያለው ድንክ ማስቀመጥ ይቻል ነበር። ግን ጌሙ እያንዳንዱን ሐውልት በቃላት ይገልጻል። አንዱ ዝሆን ነው፣ አንዱ ንግሥት ናት፣ አንዱ ዘንዶ የገደለ ጀግና ነው። እኔ ድንክ ብስል የዝሆኑን ሐውልት ዋሸሁ ማለት ነው። ስለዚህ ትከሻና ራስ የሚመስል ጥላ ብቻ አስቀመጥኩ፣ ፊት ለፊት የሚያይ። ወደ ጎን እንዲያይ አላደረግኩም፤ አዳራሽ ውስጥ በሁለት ረድፍ ሲቆሙ ሁሉም ወደ አንድ አቅጣጫ ያያሉ፣ የግራው ረድፍ ጀርባውን ለአዳራሹ ይሰጣል።

ግድግዳና ወለል ላይ ለሚቀረጸው ቅርጽም ያው ሐሳብ ይሠራል። ድንኮቹ የሚቀርጹት የራሳቸውን ታሪክ ነው፤ ታሪኩን የሚነግረን ጽሑፉ ነው። የታይሉ ድርሻ ክፈፍ ማዘጋጀት ነው። የሚቀረጸው ለኔ ስላልተተወ ደስ ይለኛል።

15ኛው ምልክት ☼ የዋና ባለሙያ ሥራ መለያ ነው። ግድግዳ ውስጥ ያለ የከበረ ድንጋይም በሱ ይታያል። እዚህ ላይ መጋራቱ ጠቀመ፤ ሁለቱም ውድ ነገሮች ናቸው። ስምንት ጨረር ያለው፣ መሃሉ አራት በአራት የሆነ ዕንቁ ሠራሁ። ድንጋይ ውስጥ ያበራል፣ ስም ዳርም ያከብራል። ብርሃኑን ሙሉ 255 የሰጠሁት ከጌጦቹ ሁሉ ለዚህ ብቻ ነው።

ረቡዕ

ያልተስተካከለው ወለል። ይህ ልቤን ከፈለው።

ጌሙ ያልተስተካከለ የድንጋይ ወለል አራት ዓይነት አለው፤ በዘፈቀደ ነው የሚበትናቸው። እ.ኤ.አ. በ1704 ሴባስቲያን ትሩሼ የሚባል ፈረንሳዊ ካህን አንድ ታይል አጠና። በሰያፍ ለሁለት የተከፈለ፣ ግማሹ ነጭ ግማሹ ጥቁር። አራት አቀማመጥ አለው። በነዚህ አራት አቀማመጦች ብቻ ስንት ዓይነት ጥለት እንደሚወጣ አሳየ። ዐሥር በዐሥር የሆነ ክፍል ብቻ ብንወስድ አራትን መቶ ጊዜ ማባዛት ነው፤ ባለ 61 አሃዝ ቁጥር ይወጣል። የትሩሼ አራት አቀማመጥ፣ የጌሙ አራት ወለል። ልክክ አለ።

እንቅፋቱ ማክሰኞ የጻፍኩት ነው፤ አራቱ ምልክቶች ነጥብና ነጠላ ሰረዝ፣ ጭረትና ጭረት ናቸው። በሦስት ማዕዘን ብሞላቸው ጽሑፍ አይነበብም። ለዚህ መፍትሔ አለ። ዲኤፍሃክ በሚባለው ተጫዋቾች የሠሩት የጌሙ ተጨማሪ ፕሮግራም ላይ የሚሠራ፣ የጽሑፉን ፊደል ከካርታው ታይል የሚለይ ፕለጊን አለ። እሱን የሚጠቀም ተጫዋች ሁለት ምስል ይሰጠዋል፤ አንዱ ለጽሑፍ፣ አንዱ ለካርታ። ስለዚህ ስብስቡ በሁለት መልክ ይወጣል። ፕለጊኑ ለሌለው፣ አራቱ ነጥቦች እንዳሉ ይቀራሉ፣ ትንሽ ጠጠር የመሰለ ቅርጽ ብቻ ተጨምሮባቸው። ፕለጊኑ ላለው፣ የትሩሼ ወለል።

ከዚያ ሌላ ምርጫ መጣ። ሲረል ስታንሊ ስሚዝ እ.ኤ.አ. በ1987 የትሩሼን ሐሳብ በቅስት ሠራው። በሰያፍ ፋንታ ሁለት ሩብ ክቦች፣ የጎኖቹን መሃል የሚያገናኙ። ማንኛውም ታይል ከማንኛውም ጋር ይገጥማል፤ በዘፈቀደ ሲበተን የተጠማዘዘ ሰንሰለትና ክብ ይወጣል። ሞከርኩት። በጣም ነው የሚያምረው፤ ዓይን ከሱ መነሣት አይፈልግም።

አልወሰድኩትም። ያልተስተካከለ ወለል ማለት ገና ያልተሠራበት ድንጋይ ነው። ድንኮቹ ሰዓት አጥፍተው ሲያስተካክሉት ነው የመደመር ወለል የሚሆነው። ያልተሠራው ከተሠራው በላይ ካማረ፣ የድንኮቹን ልፋት አጠፋሁት። ሦስት ማዕዘኑ ግን ብርሃኑ 40 እና 60 ሲሆን በመዶሻ የተፈለጠ ድንጋይ ይመስላል። ሻካራ ነው፣ ሕይወት አለው፣ ጌጥ ነኝ አይልም። ትሩሼን በዚህ መልክ ወሰድኩት። ቅስቶቹ ለሌላ ሥራ ይቀመጣሉ።

ዓርብ ማታ

ዛሬ ሁሉንም በ16ቱም ቀለም አሳለፍኳቸው። ፈተናው ጥቁር ሰማያዊ ነው። ቀዩና አረንጓዴው ዜሮ፣ ሰማያዊው 128 ብቻ። የወለሉ ማዕዘን 80 በሱ ሲባዛ 40 ይሆናል፤ በዓይን አይታይም። መደመሩም 80 ላይ ወርዶ በጭንቅ ነው የሚታየው። የቀለም ፋይሉን መቀየር ይቻል ነበር፤ ብዙ ስብስቦች የራሳቸውን ቀለም ይዘው ይመጣሉ። እኔ ግን የተጫዋቹን ቀለም አልነካም። አንዳንዱ ለዓይኑ እንዲመች አድርጎ ያስተካከለው ነው፤ ቀይና አረንጓዴ መለየት የሚቸግረው ሰው በተለይ። በጥቁር ሰማያዊ ወለል ላይ ጌጡ ቢጠፋ ግድ የለም፤ ዕቃዎቹ ሙሉ ብርሃን ስላላቸው አይጠፉም። ዋናው ነገር ማንኛውም ምልክት በቅርጹ ብቻ እንዲለይ ነው። ሙሉ ካርታውን ወደ ግራጫ ቀይሬ አየሁት፤ በር፣ ጠረጴዛ፣ ወንበር፣ አልጋ ሁሉም ተለይተው ታዩ።

ከዚያ ጌሙ ውስጥ ከፈትኩት። በማይክሮክላይንና በኦርቶክሌዝ ወለሉን እንደ ዳማ ሰሌዳ አፈራርቄ የሠራሁት አዳራሽ ነበረኝ። እያንዳንዱ የማዕዘን ዕንቁ ሁለት ሩቡ ሰማያዊ፣ ሁለት ሩቡ ቢጫ ሆኖ ወጣ። ይህን ዲዛይን ያደረገው ማንም የለም፤ ማባዛቱ ራሱ ነው የሠራው። ማዕዘኖቹን ስገጣጥም አንድ ቀለም ብቻ ነበር የታሰበኝ። አሁን ወለሉን በሁለት ቀለም የሚያፈራርቅ ሰው ተጨማሪ ጥለት በነፃ አገኘ ማለት ነው።

የቀረው አሰልቺ ሥራ ነው። የዲ ኢኒት ለውጦቹን ከምስሉ ጋር ማያያዝ አለብኝ፤ የምሰሶው መስመርና የሐዲዱ መስመሮች ከሌሉ ታይሎቹ ቦታቸውን ይስታሉ። የምስሉ ስም ኢኒት በሚባለው ሌላ የማስተካከያ ፋይል ውስጥ ሁለት ቦታ ነው የሚጻፈው፤ አንዱ በመስኮት ሲከፈት፣ አንዱ ሙሉ ስክሪን ሲሆን። ሁለቱም ጋ ካልተጻፈ ተጫዋቹ ስክሪኑን ባሰፋ ቁጥር አሮጌው ፊደል ይመለስበታል።

ያልነካኋቸው ተዳፋቶቹ ናቸው፤ 30ኛውና 31ኛው፣ ሦስት ማዕዘን ወደ ላይና ወደ ታች። ተዳፋት ከወለል ጋር ጎን ለጎን ስለሚሆን ማዕዘኖቹ ላይ የዕንቁውን ሩብ መያዝ አለበት፤ አለዚያ የአዳራሹ ጥለት መውጫው ጋ ሲደርስ ይቆረጣል። ሦስት ማዕዘኑ ግን ሁለቱን ማዕዘኖች ራሱ ይሞላቸዋል። ከሥሩ ሁለት ረድፍ ላሳጥረውና ቦታ ይገኝ እንደሆነ ነገ አየዋለሁ።